ወደ ሐረር ስለ መሄዳችንና ከልጅነት ወዳጃችን ጋር ስለ መገናኘታችን

ስለ ሐረር ከተማ ብዙ ተጽፏል። ስለ ግንቧና ስለ ቡናዋ፣ በሌሊትም ሰው ከእጁ ስለሚያጐርሳቸው ጅቦች ያልሰማ የለም። እኛ ግን በዚያች ከተማ ተወልደን፣ ፊደልን በቄስ ትምህርት ቤት ቈጥረን፣ ቀጥሎም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረን፣ ኋላም በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ያገለገልን ስለ ሆነ፣ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ዐሥራ ሰባት ዓመት ተኳርፈን ከኖርነው ወዳጃችን ጋር በጀጎል ግንብ ውስጥ እንዴት እንደ ተገናኘን ነው።

በ2017 ዓ.ም. በመጋቢት ወር መጨረሻ መሥሪያ ቤታችን አሮጌ መዝገቦችን እንድንመረምር ለአራት ቀን ወደ ሐረር ላከን። መንገዱ ከአዲስ አበባ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዋሽን ተሻግሮ በረሓውን ከጨረሰ በኋላ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል፤ ጭሮንና ሂርናን አልፎ ወደ ጨለንቆ ይደርሳል። ጨለንቆ በ1879 ዓ.ም. የንጉሥ ምኒልክ ጦርና የአሚር አብዱላሂ ጦር የተዋጉበት፣ የሐረር አሚሮች መንግሥትም ያበቃበት ስፍራ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ቁልቢ፣ ከቁልቢም በኋላ የሐረማያ ሐይቅ ይገኛል። ከዚህ ሐይቅ ዳር በልጅነታችን መምህራችን ለሽርሽር አምጥቶን፣ እኛና ወዳጃችን ጫማችንን አውልቀን ውኃው እስከ ጉልበታችን ድረስ ገብተን ስለ ነበር፣ በጕንጫችን ላይ የወረደው ጥፊ ዛሬም ይታሰበናል። ሐይቁ በኋላ ጨርሶ ደርቆ ከብት ሲግጥበት አይተን ነበር። አሁን ግን ውኃው ተመልሶ ወፎች አርፈውበት አገኘነው፤ ከዐይናችን እስኪሰወር ድረስ በአውቶቡሱ መስኮት ተመለከትነው።

የጠባችን ነገር እንዲህ ነው። ወዳጃችን የሐረሪ ተወላጅና እስላም ነው፤ የእኛ አያት ግን ከሸዋ የመጡ ወታደር ነበሩ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በአንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የትምህርት ቤት ልብሳችን ከአንድ ጣቃ እየተቈረጠ በመኪና ግርግር ይሰፋልን ነበር፤ መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፣ ስሙንም ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ነው። የወዳጃችን እናት በጾማችን ወራት ወደ ቤታቸው ስንመጣ የምንቸገር እንዳንሆን፣ ሥጋና ወተት ያልነካት አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻዋ አኑረውልን ነበር። ሐረሪዎች ከልጅነት እስከ ሽምግልና የሚዘልቀውን ጓደኛ «መሪኝ» ይሉታል። ሰውን የሚያስተሳስሩት ሦስት ነገሮች ናቸው ሲሉም፣ ከዘመድና ከአፎቻ ጋር ይህንን ጓደኝነት ይቈጥሩታል።

በ2000 ዓ.ም. ወዳጃችን ከአጎቱ ልጅ ጋር በአያታቸው ቤት ውርስ ተካሰሰ፤ መዝገቡም እኛ ወደምንሠራበት ችሎት መጣ። ዳኞቹ ከወሰኑ በኋላ ፍርዱን በንጹሕ የገለበጥነው እኛ ነን፤ ቤቱም ለአጎቱ ልጅ ተፈርዶ ነበር። ፍርዱ ሊነበብ አንድ ቀን ሲቀረው ወዳጃችን በማታ ወደ ቤታችን መጣና «ምን ተወሰነ?» ሲል ጠየቀን። ያልተነበበ ፍርድ ማውጣት ክልክል ነው፤ ባለመናገራችን ዛሬም አንጸጸትም። ነገር ግን «መናገር አልችልም» ማለት ሲገባን «አላውቅም» አልነው። እርሱም አምኖን ሻዩን ጠጥቶ፣ እየተጫወተ ሄደ። በማግሥቱ ፍርዱ ተነብቦ ግልባጩን ሲቀበል፣ ከግርጌው ፊርማችንንና የጻፍንበትን ቀን አየ። ቀኑ እርሱ ሻይ ከጠጣበት ማታ ሦስት ቀን ይቀድም ነበር። አንዳች ቃል ሳይናገር ወረቀቱን አጥፎ ወጣ።

ብዙም ሳይቈይ ወደ ጅቡቲ ሄደ፤ በወደቡም ጭነት ቈጣሪ ሆነ ሲባል ሰማን። በሁለተኛው ዓመት እናቱ ሞቱ። እኛ ያን ጊዜ ገና በሐረር ነበርን። ወደ ቀብር አልሄድንም፤ ለቅሶም አልደረስንም። አፍረን ነው። ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተዛወርን።

ወደ ከተማይቱ እንመለስ። ጀጎል የሚባለውን ግንብ ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ነው። የግንቡ ዙሪያ ከሦስት ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥንታውያን በሮቹ አምስት ሲሆኑ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር ይባላሉ፤ ሐረሪዎች በቋንቋቸው ሌላ ስም አላቸው፤ ሸዋ በርን «አስመዲን በሪ» ይሉታል። ከግንቡ ሥርም ጅቦች በሌሊት የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ለጅብ መግቢያ የተወ ግንብ ሠሪ በሌላ አገር መኖሩን አልሰማንም። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ። ከተማይቱ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

ነገር ግን መንገደኛ ይበልጥ የሚደነቅበት የመንገዶቹ ጥበት ነው። ቤቶቹ ጀርባቸውን ለመንገድ ሰጥተው፣ በግንብ አጥር ውስጥ ተሰውረው ስለ ተሠሩ፣ መንገዱ በሁለት ግንብ መካከል እንደ ቦይ ይጠማዘዛል። ከነዚህም አንዱ ሁለት ሰዎች ሳይነካኩ ሊተላለፉበት የማይችሉ መተላለፊያ ነው። የተጣሉ ሰዎች በዚህ ከተገናኙ ሳይነጋገሩ ማለፍ አይቻላቸውም እየተባለ የዕርቅ መንገድ ይሉታል። ይህን አባባል ለአገር ጐብኚ የሚነገር ተረት አድርገን እንቈጥረው ነበር።

በደረስንበት ቀን በመኪና ግርግር ስናልፍ የልጅነት ልብስ ሰፊያችን አርጅተው፣ ከዚያችው መኪናቸው ፊት ተቀምጠው አገኘናቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አወቁንና፤ «ልጄ፣ ጓደኛህ ለሸዋል ዒድ መጥቷል እኮ፤ ከአጎቱ ልጅ ዘንድ ዐርፏል» አሉን። ከየትኛው የአጎቱ ልጅ ብለን ጠየቅን። ቤቱን ከረታው ነው።

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ሽማግሌው አስረዱን። ሐረሪዎች አፎቻ የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ የወንዶችና የሴቶች ለየብቻ ነው። ሰው ሲሞትም ሆነ ሰርግ ሲሆን አባላቱ ሥራውን ሁሉ ይካፈላሉ፤ ያለ ምክንያት የቀረም ይጠየቃል። ሁለቱ ተካሳሾች የአንድ አፎቻ ሰዎች ነበሩ። እናቲቱ በሞቱ ጊዜ ልጃቸው ከጅቡቲ እስኪደርስ ድረስ አስከሬኑን የተሸከመ፣ ለቅሶኛውን የተቀበለና ምንጣፍ ያነጠፈ ያ ከሳሽ የነበረው የአጎት ልጅ ነው። ልጁም በደረሰ ጊዜ በዚያው ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ስለ ቤቱ ያነሣ አልነበረም። እነሆ፣ ባለጉዳዮቹ ከታረቁ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እንደ ተኳረፈ የቀረው የመዝገቡ ጸሐፊ ብቻ ነው።

ይህን ከሰማን በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ሰፈር ላለማለፍ ስንል በፈረስ መጋላ በኩል እየዞርን ከመዝገብ ቤት ወደ ማደሪያችን ተመላለስን። ሰዓት ለማሳለፍም በአንድ የህንድ ነጋዴ ወደ ተሠራውና የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው ገባን፤ አሁን ሙዚየም ነው። ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ተፈሪ መኰንንና ራስ እምሩ በዚህች ከተማ በራስ መኰንን ጥላ ሥር አብረው ያደጉ መሆናቸውን አሰብን። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መንግሥት ለመገልበጥ የተነሡት ሰዎች ራስ እምሩን ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ሰየሟቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በተመለሱ ጊዜ ግን የልጅነት ጓደኛቸውን አልቀጡም። እነርሱ ይህን ሲተላለፉ፣ እኛ አንዲት «አላውቅም» አላሻግር ብላን ቆመናል።

በሦስተኛው ቀን ሸዋል ዒድ ነበረ። ይህ በዓል ከረመዳን በኋላ ስድስት ቀን ተጹሞ የሚከበር የሐረሪዎች በዓል ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል መዝግቦታል። በአው ሹሉም አሕመድና በአው አክበር ዘንድ ሌሊቱን ከረቡ የሚባለው ከበሮ ይመታል፣ ከበል የሚባለው እንጨት ይጨበጨባል፣ ዚክሪ ይባላል። ልጃገረዶችና ጐልማሶች የሚተያዩበት ስለ ሆነ ብዙ ሰርግ ከዚህ ይጀመራል። በውጭ አገር የሚኖሩ ሐረሪዎችም በዚህ ሰሞን ይመጣሉ። መንገዱ ሁሉ በሰው ስለ ተጨናነቀ፣ መሸሻ አጥተን ወደዚያ ጠባብ መተላለፊያ ገባን። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው የስድስት ዓመት ያህል ልጅ በእጁ ይዞ ይመጣ ነበር። ጠጕሩ ሸብቷል፤ አረማመዱ ግን ያው ነበረ።

«እንደምን ነዎት» አለን።

በልጅነታችን ተሰዳድበን እናውቃለን፤ ተደባድበንም እናውቃለን፤ «እርስዎ» ተባብለን ግን አናውቅም። ከዚያ ወዲያ የምንናገረው ስለ ጠፋን ያለ መግቢያ፤ «እናትህ በሞቱ ጊዜ አልመጣሁም» አልን።

«አውቃለሁ» አለ። «ማን ማን እንዳልመጣ ጠይቄ ነበር። የእርስዎን ስም ሲነግሩኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኋቸው።»

ይህን ብሎ ዝም አለ። ከኋላው አንዲት እናት በራሳቸው ላይ ትልቅ ሰፌድ ተሸክመው መንገድ እንድንለቅ ይጠብቁ ነበር፤ ከኋላችን ደግሞ ልጆች መጡ። ከሁለት አንዳችን ወደ መጣንበት መመለስ ግድ ሆነ። እኛ ተመለስን፤ እርሱም ልጁን ይዞ ተከተለን፤ ከመተላለፊያውም ስንወጣ አብረን እንሄድ ነበር። በመንገድ ስለ ጅቡቲ ጠየቅነው። ሙቀቱን ከነገረን በኋላ፤ «በባሕር ዳር ከተማ ከሰው መጣላት ቀላል ነው፤ አንዱ በመርከብ ይሄዳል፣ ሌላው በመኪና ይመጣል፤ ያኰረፍኸውን ሰው ዳግመኛ ላታየው ትችላለህ። እዚህ ግን የት ይደረሳል?» አለ። ጠቅላላ ነገር ሲናገር እንኳ «አንተ» እንዳለ ልብ አልን።

የሐረሪ ቤት በውስጡ ነደባ የሚሉት ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራ መደብ አለው፤ አምስት ነው። የቤቱ ጌታ የሚቀመጥበት አሚር ነደባ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ግድር ነደባ፣ ትንሿም ቲት ነደባ ትባላለች። ግድግዳው በሰፌድና በጎላ ጎላ ሳህን ተሸልሞ ነበር። ያ ክርክር የተነሣበት ቤት መሆኑ ነው፤ በመዝገቡ ውስጥ ስፋቱን በክንድ ጽፈነዋል፤ ገብተን ግን ካየነው ብዙ ዘመን ሆነን። የአጎቱ ልጅ ገና ከደጅ ሲያየን፤ «የመዝገቡ ባለቤት መጡ!» ብሎ ሳቀ። ወደ ግድር ነደባ እንድንወጣ ለመኑን። እግራችን ግን ሳናስበው በልጅነታችን ወደምንቀመጥባት ወደ ትንሿ ሄደ። ወዳጃችንም አየና ምንም ሳይናገር መጥቶ ከጎናችን ተቀመጠ፤ ለሁለት ጐልማሳ ትጠብባለች።

ከጓዳ የሆጃ ሽታ መጣ፤ ሆጃ የቡና ቅጠል ወይም ገለባ ከወተት ጋር ተፈልቶ የሚጠጣ ነው። ወዳጃችን በቋንቋው ወደ ጓዳ አንድ ነገር ተናገረ። ከዚያም ወደ እኛ ዞሮ፤ «ሁዳዴ ነው አይደለም? ለአንተ ያለ ወተት በሌላ ዕቃ ይፈላልህ ብያለሁ» አለን።

በማግሥቱ ማለዳ ከአውቶቡሱ በፊት ወደ እናቱ መቃብር አብረን ወጣን። ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ ማታ በስልክ ይጠራናል፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ጅቡቲ ሙቀትና ስለ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ እንጫወታለን። ስለዚያች ማታና ስለ ጠጣው ሻይ ግን እስከ ዛሬ አላነሣም፤ እኛም አላነሣን።