ሻይ በሻንጣ፣ ቅመም ከዌስተን ሮድ

ዌስተን በሰሜን ምዕራብ ቶሮንቶ፣ ሐምበር ወንዝ ዳር ያለ ሠፈር ነው፡፡ እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ድረስ ራሱን የቻለ ከተማ ነበር፡፡ ዛሬ በዌስተን ሮድ ግራና ቀኝ ረጃጅም የኪራይ ፎቆች ቆመዋል፤ ከሥራቸው የሶማሌው፣ የጋናው፣ የጃማይካው ሱቅ ተደርድሯል፡፡ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ወደ ፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ የሚመላለሰው ባቡር እዚህ ይቆማል፡፡ ከአገር ቤት የመጣ ሻንጣ ከዚህ ባቡር ወርዶ በቀጥታ ሳሎናችን ይገባል ማለት ነው፡፡

ነገሩ የተነሣው ከሻንጣ ነው፡፡ ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጅ አለን፤ አገሩን ከለቀቀ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ አንድም ቀን አልተመለሰም፡፡ ለምን እንዳልተመለሰ የዚህ ጋዜጣ አንባቢ አይጠይቅም፡፡ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በሰማ ቁጥር ግን ስልክ ይመታል፡፡ የሚያዘው በርበሬ አይደለም፣ ሽሮም አይደለም፤ ሻይ ቅጠል ነው! “እዚህ የሚሸጠው ሣር ነው” ባይ ነው፡፡ በቅርቡ ሻንጣዋ ከሚፈቀደው ኪሎ በላይ ሆኖባት የእናቷን ድርቆሽ ቀንሳ የእርሱን ሻይ ያመጣች አንዲት እኅት ነገሩ አንገብግቧት፣ “ጋሼ፣ እስቲ ሳያዩ ቀምሰው ይለዩት” አለችው፡፡ “በደንብ እለያለሁ!” አለ፡፡ እኔም ከእርሱ ጎን ቆምኩ፤ ያገሬን ሻይ ልስት?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ እትዬ የምንላቸው እናታችን ቤት ተሰበሰብን፡፡ በከረጢት ያልታሰረ ሻይ ቅጠል አራት ዓይነት ከመሐል ከተማ ገዝቼ መጣሁ፤ አምስተኛው የሻንጣው ነው፡፡ እኅታችን ማዕድ ቤት ሆና እያፈላች፣ ቁጥር በተለጠፈባቸው ስኒዎች ታቀርባለች፡፡

አንደኛው ኤርል ግሬይ ነው፤ ቤርጋሞት ከተባለ የብርቱካን ዘመድ ልጣጭ የሚወጣ ዘይት የተረጨበት ሻይ፡፡ እትዬ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ “ይኼ የሚጠጣ ነው ወይስ የሚቀቡት?” አሉ፡፡ ሁለተኛው የቫኒላና የኮክ መዓዛ የተጨመረበት ነው፡፡ ሽታው ከረሜላ ቤት፣ ጣዕሙ ሙቅ ውኃ! አፍንጫን ጋብዞ ምላስን ጦም ያሳድራል፡፡ ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ2012 ቲቫና የተባለውን የእንዲህ ያለ ሻይ ነጋዴ በ620 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ በ2017 ደግሞ 379 መደብሮቹን እንደሚዘጋ ማስታወቁ አሁን አልገረመኝም፡፡

ሦስተኛው ላይ ሁላችንም ቆምን፡፡ ላፕሳንግ ሱሾንግ ይባላል፤ ከቻይና ፉጂያን የሚመጣ፣ ቅጠሉ በጥድ እንጨት ጭስ የሚደርቅ ነው፡፡ እትዬ ፉት አሉና ዝም ብለው ቆዩ፡፡ “የታጠነ ቅል” አሉ ቀስ ብለው፡፡ በወይራ ጭስ የታጠነ የእርጎ ቅል ማለታቸው ነው፡፡ ስኒውን አልመለሱም፡፡

አራተኛውን ስንቀምስ እኔና ወዳጄ ተያየን፡፡ ጥርት ያለ፣ አፍ ላይ ነቃ የሚያደርግ ሻይ፡፡ “ይኼ ነው!” አልን በአንድ ድምፅ፡፡ እኅታችን ከማዕድ ቤት ሳቋን ለቀቀችው፡፡ ሲሎን ኖሯል! (እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፡፡ ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ የቡና አገር ነበረች፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ የቡና ዝገት የተባለ የቅጠል በሽታ ገብቶ እርሻውን ሲያወድመው ገበሬው ወደ ሻይ ዞረ፡፡ በቡና መቃብር ላይ የበቀለ ሻይ ነው እንግዲህ ያገራችን መስሎ ያታለለን፡፡) የእኛው አምስተኛው ነበር፤ ከፋ ውስጥ ቦንጋ አጠገብ ያለው የውሽውሽ ቅጠል፡፡ ደቃቅ ነው፣ ቶሎ ይቀላል፣ ጠንከር ይላል፡፡ “ኬንያ ነው” ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌበታለሁ፡፡ አይ ጋዜጠኛ!

ወዳጃችን እጅ አልሰጠም፡፡ “ባዶውን ሻይ ማን ይጠጣል? ቅመም ይግባበት!” አለ፡፡ እውነቱን ነው፡፡ እኔው ወርጄ ዌስተን ሮድ ላይ ካለው የሶማሌ ሱቅ ገባሁ፡፡ ቀረፋ ብል ቆርፌ፣ ሄል ብል ሄይል፣ ዝንጅብል ብል ሳንጀቢል እያለ ባለሱቁ አወጣልኝ፡፡ ድንበር ላይ ስንት ደም የተፋሰሱ ሁለት ሕዝቦች ለሻይ ማንቆርቆሪያቸው አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም፤ ስሙን ሁላችንም ከዐረብኛ ነው የወሰድነው፡፡ ቅርንፉድ ብቻ በጣት ጠቆምኩ፡፡

እትዬ ቅመሙን ለብቻው አሥር ደቂቃ አፈሉት፡፡ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ይገባል፣ አብሮ አይንተከተክም፤ ከተንተከተከ ይመራል፡፡ ሲሎኑና ውሽውሹ በሁለት ስኒ ቀረቡ፡፡ ቤቱ በአንድ ጊዜ የፒያሳ ሻይ ቤት ሸተተ፡፡ ወዳጃችን ይኼኛውን ይቀምሳል፣ ያኛውን ይቀምሳል፣ እንደገና ይመለሳል፡፡ ሦስት ጊዜ፡፡ በመጨረሻ ወደ አንዱ ጠቆመ፡፡ አሁንም ሲሎን!

መዓዛ የተጨመረበትን ሻይ የፈረንጅ ቅብጠት ስንል የኖርን ሰዎች ሻያችን ራሱ መዓዛ የተጨመረበት ሆኖ ተገኘ፡፡ ልዩነቱ እኛ ቤት ቅርፊቱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ሲገባ በዓይናችን ማየታችን ነው፤ እዚያ ግን ዘይቱን ማን እንደረጨው አይታወቅም፡፡ ለመግዛት ያሰበ ቢኖር የኮኩንና የቫኒላውን ይተወው፤ ደህና ሲሎን ገዝቶ ቅመሙን ራሱ ያፍላ፡፡ ላፕሳንጉን የታጠነ ቅል የናፈቀው ይሞክረው፡፡

ወዳጃችን ግን ፊቱ ጠቆረ፡፡ ለብዙ ጊዜ አልተናገረም፡፡ የአውሮፕላን ማረፊያው ባቡር ከታች አለፈ፤ እርሱም በመስኮት አየው፡፡ እኅታችን በነገሩ ተጸጽታ፣ “ጋሼ፣ እንግዲህ በሚቀጥለው ድርቆሹን ላምጣ?” አለችው በለሆሳስ፡፡

ሥራ የሚገባበት ሰዓት ደርሶ ተነሣ፡፡ የተረፈውን የውሽውሽ ጥቅል አፉን ሁለቴ አጥፎ ካፖርቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተ፡፡

“ድርቆሹንም አምጪ” አላት በሩ ላይ ሆኖ፣ “ሻይዋ ግን እንዳትቀር፡፡”