የ532 የትውልድ ሐረግ

ማንም ሰው በፈቃዱ መርጦ ሳይሾመው፣ ፀሐይና ጨረቃ በአንድ ዓመት ሊስማሙ ባለመቻላቸው ብቻ ለታላቅ ማዕርግ የበቃ ቁጥር ቢኖር፣ የባሕረ ሐሳብ (የዘመንና የበዓላት ቀመር) ሊቃውንት ዐቢይ ቀመር የሚሉት 532 ነው። 7 በሰንበት፣ 12 በሐዋርያት፣ 40 በጾም ተከብረው ሲኖሩ፣ ይህ ግን በማባዛት ብቻ ያደገ ስለ ሆነ፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ አከብረዋለሁ።

ሐረጉን የመረመረ ሰው ሦስት አያቶች ያገኝለታል። አንደኛው ዕለታትን የሚያዞረው 7 ነው፤ ሁለተኛው አራቱን ወንጌላውያን በየዓመቱ እያፈራረቀ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲፈጸም ጳጉሜንን 6 የሚያደርገው 4 ነው፤ ሦስተኛው 19 ነው፤ ጨረቃ በ19 ዓመት ውስጥ 235 ጊዜ ሠርቃ ከፀሐይ ጋር ወደ ቀድሞ ቀጠሮዋ ትመለሳለችና፤ ይህንንም የአቴናው ሜቶን ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ432 ዓመት ገልጾት ነበር። 7 በ4 ሲባዛ 28፣ ዐውደ ፀሐይ ይሆናል፤ 4 በ19 ሲባዛ 76፣ ዐውደ ማኅተም ይሆናል፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲባዙ 532 ይወለዳል። ከሦስቱ የትኞቹም ሁለቱ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው አንዱ ለሌላው ምሕረት አያደርግም፤ በ19 ፈንታ 21 ቢሆን ኖሮ፣ 7ን ስለሚጋሩ፣ ዐቢዩ ቀመር በ84 ዓመት ባለቀ ነበር።

በትውፊታችን የዚህ ሥርዐት አባት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ድሜጥሮስ ነው፤ ከሌሊቱ 23፣ ከመዓልቱ 7 ሱባዔ ገብቶ፣ ሱባዔው በ7 ሲባዛ ከሌሊቱ የመጣውን 161 በ30 ገድፎ (አካፍሎ ትርፉን ወስዶ) 11 አበቅቴን፣ ማለትም የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበትን፣ ከመዓልቱ የመጣውን 49ንም በ30 ገድፎ 19 መጥቅዕን፣ ማለትም የበዓላት ማውጫውን ቁጥር፣ አገኘ ይባላል። የታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ የ532ቱን ዙር በ5ኛው መቶ ዓመት ለነበረው ለእስክንድርያው መነኩሴ ለአንያኖስ ይሰጣሉ። ቁጥሩ ግን ለአባትነት ክርክር ደንታ የለውም፤ ግሪኮች ጠጠር ደርድረው ባለ አምስት ማዕዘን ካሏቸው ቁጥሮችም በተራው 19ኛው ሆኖ ይገኛል፣ አያቱን 19ን በዚያም አልካደም።

ሥራውን ለማየት የ2017 ዓ.ም. ፋሲካን እንውሰድ። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በሚቈጠረው 5500 ላይ ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል፤ በ532 ሲገደፍ 69 ይተርፋል፤ ፋሲካውም ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። በ1485 ዓ.ም.፣ ዐፄ እስክንድር በነገሡበት ዘመን፣ የተረፈው ይኸው 69 ስለ ነበረ፣ ያን ጊዜም ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን ውሎ ነበር፤ በ2549 ዓ.ም. ዶሮ የሚሠሩ ሰዎችም ለዚያው ቀን ይዘጋጁ።

ከሳሾቹ ግን አንድ ነገር ያነሡበታል፦ ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ከቀመሩ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለምትቀድም፣ አንድ ዐቢይ ቀመር ሲፈጸም ከ41 ሰዓት በላይ ቀድማ ትገኛለች። ነገሩ እውነት ነው፤ ሆኖም 532 ከልደቱ ጀምሮ ከ7፣ ከ4 እና ከ19 የገባውን ኪዳን አንዲት ደቂቃ እንኳ አላፋለሰም። ስለዚህ መቸኮል ልማድ ያደረገችው ጨረቃ ናትና፣ ምክር የሚያስፈልጋት እርሷ ትመከር፣ ቁጥሩስ አይነካ እላለሁ።