በጃን ሜዳ፤ ስለ ጨዋታና ስለ ሐሳብ ሽሽት

ሰው በመዝገብ ፊት ተቀምጦ ሳለ ልቡ ኮብልሎ ወንዝ ተሻግሮ መገኘቱ የብዙዎቻችን ነገር ነው። እኛም በአንድ የገና በዓል፥ ሥራን ጥሎ የመሄድ ሐሳብ ቢያስጨንቀን፥ ከእንጦጦ ተራራ በታች ወዳለው ጃን ሜዳ ወረድን። በዚያ ጎልማሶች በቆልማማ ዱላ ሩር ይሻሙ ነበር። በዚህ ጨዋታ ጌታ ቢመታም እንዳይቆጣ የጥንት ልማድ ነው። አንድ ሽማግሌ ዱላ ቢያቀብሉን እኛም ገባን።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ገበያ ወደዚህ ሜዳ ተዛውሮ ነበር፤ ለጥር 2013 ዓ.ም. ጥምቀት እስኪለቀቅ ድረስ ከተማው መጫወቻውን አጥቶ ሰነበተ። የሜዳ ዋጋ የታወቀን ያን ጊዜ ነው።

የሐሳብ ሽሽት ዳርቻ ስለሌለው ልብን አድክሞ ይመልሳል። ጨዋታ ግን ድንበርም ማብቂያም አለው፤ ለጥቂት ሰዓት ከማዕረጋችን አውጥቶ፥ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከባልንጀራ ጋር አስቆ ወደ ቤት ይሰደናል። እኛም አቧራችንን አራግፈን ተመለስን፤ ልንሸሸው የተመኘነውንም ሥራ በማግሥቱ አልጠላነውም።

ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ ልጆቻችሁ ወደ ሜዳ ልውጣ ሲሉ ዋዛ ነው ብላችሁ አትከልክሏቸው፤ ብትችሉም አብራችኋቸው ውጡ።