እርጥብ ቆዳ፣ ደረቅ እጅ

ከቦሌ ተነስቶ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያወልቀው ጃኬቱን ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ ከ500 ሜትር ብዙም አትርቅም። ኒውት ግን የምታወልቀው ጃኬት የላትም። እንሽላሊት የምትመስለው ይህች የእንቁራሪት ዘመድ ከሰሃራ በስተደቡብ በዱር የለችም። ለቤት እንስሳነት የምትሸጠው ሆደ ቀይዋ የቻይና ኒውት ከ20 ዲግሪ ያልበለጠ ውሃ ይስማማታል። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ወደ 40 በሚጠጋ ከተማ እሷን ገንዳ ውስጥ ማኖር ማሳደግ ሳይሆን መቀቀል ነው።

*

እንቁራሪትም ኒውትም በቆዳቸው ይተነፍሳሉ፣ ውሃም በቆዳቸው ይጠጣሉ። እጃችን ላይ የቀረ ሳሙና ወይም ቅባት በዚያው ይገባባቸዋል። ወባ ባለበት ጋምቤላ ደግሞ ማታ ማታ የትንኝ መከላከያ ያልነካው እጅ ብርቅ ነው። እኛን ከትንኝ ያዳነ ቅባት እንቁራሪቷን ይጎዳል።

*

በምዕራብ አሜሪካ የምትገኝ አንዲት ኒውት ቆዳዋ ውስጥ ቴትሮዶቶክሲን የሚባል መርዝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 ኦሪገን ውስጥ አንድ የ29 ዓመት ሰው አንዷን ውጦ ሞቷል። የነካት ሁሉ አይሞትም፤ ነክቶ ሳይታጠብ ዓይኑን የሚያሽ ግን አደጋ እየጠራ ነው።

*

እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 አሜሪካ ውስጥ በአኳሪየም ከሚያድጉ ትንንሽ የአፍሪካ እንቁራሪቶች በተነሳ ሳልሞኔላ 241 ሰዎች ታመዋል፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። የእንስሳው ገንዳ የሚታጠበው ሰሃን በሚታጠብበት ቦታ ከሆነ በሽታው ማዕድ ቤት ገባ ማለት ነው።

*

የአውሮፕላን ማረፊያ መፈተሻ ማሽን ቢላዋ ያያል፤ ፈንገስ አያይም። ከእስያ በቤት እንስሳት ንግድ ወደ አውሮፓ የተሻገረ ፈንገስ ከሳላማንደሮች፣ ማለትም ከነኒውት ወገን፣ አንዱን ዓይነት ኔዘርላንድ ውስጥ ሊጨርስ ደርሷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ 201 ዓይነት ሳላማንደር እንዳይገባ ያገደችው በዚሁ ስጋት ነው። የዚያ ፈንገስ ዘመድ በእኛም አገር እንቁራሪቶች ላይ ተገኝቷል፤ ከእነሱ መካከል ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሌሉ ብዙ ናቸው።

*

ከውጭ የምትመጡ ዘመዶች፣ ለልጅ ኒውት አታምጡለት። በክረምት፣ አዞ ካለበት ከባሮ ወንዝ ራቅ ብላችሁ፣ ዝናብ ያቆረው ኩሬ ዳር ውሰዱት። እንቁራሪቷን ሳይነካ ይያት። የግድ ከነካም እጁን አስቀድሞ በንጹሕ ውሃ ያርጥብ፣ እዚያው ይልቀቃት፣ ከዚያም በሳሙና ይታጠብ።