ለትራፊክ ነው

እኔ መኪና መንዳት አልችልም። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ በቤታችንም ከአባቴ ብስክሌት በቀር ጎማ ያለው ነገር ኖሮ አያውቅም። ስለ መኪና እሽቅድድም ልጽፍ ነው ስላቸው ታዲያ የዶርም ጓደኞቼ «ደግሞ አንተ ከመቼ ወዲህ?» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ካልጻፉት የማይለቅ ነገር አለ። ይኸኛው ሦስት ወር ሙሉ አልለቀቀኝም።

የጀመረው አንድ ማታ ነው። ከበላዬ የሚተኛው ልጅ የእሽቅድድም ነገር እንቅልፍ ይነሳዋል። «እስቲ ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ» አለኝና ስልኩን ወደ ታች አቀበለኝ። አሮጌ ፊልም ነው። አንዲት መኪና በጀርባዋ ተገልብጣ ትቃጠላለች። አንድ ሰው ብቻውን በእጁ እየገፋ ሊያቃናት ይታገላል፤ እንቢ ትለዋለች። ሮጦ የእሳት ማጥፊያ ያመጣል፤ ይረጫል፤ ያልቅበታል። ተመልሶ ይገፋል። ከበስተኋላው ሌሎቹ መኪናዎች ዥው፣ ዥው እያሉ ያልፋሉ። ጥቂት ሰዎች ፈንጠር ብለው ቆመዋል። በመጨረሻ ሰውዬው እጁን ወደ ሰማይ አወናጨፈና ዞሮ ሄደ።

«የሚገፋው ማነው? ከሜዳው ሠራተኞች አንዱ ነው?» አልኩት።

«ኧረ እሱም ተወዳዳሪ ነው። የራሱን መኪና አቁሞ ነው የወረደው» አለኝ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ምክንያቱን ኋላ እመጣበታለሁ። በማግሥቱ ጀምሮ ግን ስለዚያ ቀን ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝኩ።

ዕለቱ ሐምሌ 22 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 29 ቀን 1973። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ቦታው በሆላንድ አገር በባሕር ዳርቻ ያለው የዛንድቮርት የውድድር ጎዳና ነው። የሞተው ሰው ሮጀር ዊልያምሰን ይባላል፤ የ25 ዓመት እንግሊዛዊ ነበር። በፎርሙላ ዋን ሲወዳደር ያ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ከሁለት ሳምንት በፊት በገዛ አገሩ ነበር። በስምንተኛው ዙር፣ ጎማው ሳይከዳው አልቀረም፣ መኪናው ከመንገድ ወጥታ የብረት አጥሩን መታች፤ ተገልብጣም እየተንሸራተተች ሄዳ በእሳት ተያያዘች። ዊልያምሰን በግጭቱ ክፉኛ እንዳልቆሰለ፣ የገደለውም አየር ማጣት እንደ ሆነ ተጽፏል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከሥር ያለው ሰው በሕይወት ነበረ ማለት ነው።

ሲገፋ ያየሁት ሰው ዴቪድ ፐርሊ ነው። ቀድሞ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ በፓራሹት የሚወርድ ወታደር ነበረ። መኪናውን ዳር አስይዞ፣ ሌሎቹ በሚበሩበት ጎዳና ላይ አቋርጦ ሮጠ። በአካባቢው የነበሩት የሜዳው ሠራተኞች እሳት የሚከላከል ልብስ አልለበሱም፤ ስለዚህ አልተጠጉም። የነበረችው አንዲት የእሳት ማጥፊያ ብትሆን አላዳረሰችም። ውድድሩ አልቆመም፤ ቢጫ ባንዲራ ብቻ ተውለበለበ። ባለመቆሙም የእሳት አደጋው መኪና በመኪናዎቹ ፊት ለፊት በአጭሩ መንገድ ተነድቶ ሊደርስ አልቻለም። የሚያልፉት ነጂዎች ደግሞ ከእሳቱ አጠገብ የቆመውን ፐርሊን ሲያዩ፣ ይኸው ሰውዬው ከተቃጠለችው መኪና ወጥቷል ብለው አሰቡ። ከተመልካቹ መካከል አጥሩን ዘልለው ሊያግዙ የሞከሩ ነበሩ፤ ጥበቃዎች መለሷቸው።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ደግሞ ይኸ ነው። ዛንድቮርት ባለፈው ዓመት ውድድር አላስተናገደም ነበር፤ ለደኅንነት ሲባል መታደስ ነበረበት። አዲስ አስፋልት ፈሰሰ፣ አዲስ አጥር ተተከለ። ሰውየው የሞተው እንግዲህ «አሁንስ ደኅና ነው» በተባለበት ጎዳና ላይ ነው።

ይህንን ሁሉ ለጓደኛዬ ስነግረው ትከሻውን ነቀነቀ። «ወድደው የገቡበት ነው። ሞት የሌለበት እሽቅድድም ምን እሽቅድድም ይባላል?» አለኝ። በዚያ ዘመንም እንዲህ የሚሉ ብዙ ነበሩ። ጃኪ ስቱዋርት የተባለው ስኮትላንዳዊ በ1966 በቤልጅግ አገር፣ ስፓ ላይ በዝናብ ተንሸራትቶ ከመኪናው ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ቤንዚኑ በሰውነቱ ላይ ይፈስ ነበር። ያወጡት ሁለት ተወዳዳሪ ጓደኞቹ ናቸው፤ መፍቻውን የተበደሩት ከተመልካች ነው። ከዚያ በኋላ ስቱዋርት መፍቻ ከመኪናው ሳይለይ መወዳደር ጀመረ፤ አጥር ይተከል፣ ሐኪም ይኑር፣ የመቀመጫ ቀበቶ ይታሰር እያለም ወተወተ። ፈሪ ተባለ። ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ሰው ነው እንግዲህ ፈሪ የሚሉት! ዊልያምሰን በሞተበት በዚያ ዕለት አንደኛ የወጣውም እሱ ነው፤ 26ኛ ድሉ ነበርና ከዚያ በፊት ማንም ያልደረሰበት ቁጥር ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የቡድን ጓደኛው ፍራንሷ ሴቨር በአሜሪካ በልምምድ ላይ ሲሞት፣ ስቱዋርት መቶኛ ውድድሩን ሳይወዳደር ተወው። ወደ ሜዳውም አልተመለሰም።

ለጓደኛዬ የመለስኩለት እንዲህ ብዬ ነው፤ ነጂው ወድዶ የተቀበለው ፍጥነቱን ነው። ጎማ ሊፈነዳ እንደሚችል፣ ዝናብ ሊያንሸራትት እንደሚችል ያውቃል። ባዶ የእሳት ማጥፊያን ግን ማን ወድዶ ይቀበላል? የሚያወጣው ሰው ልብስ ስለ ሌለው ዳር ቆሞ እንዲያየውስ ማን ፈረመ? አንዱ ዕጣ ነው፤ ሌላው ቸልታ ነው። ሁለቱን በአንድ ከረጢት ከትተን «ሞት» ስንላቸው ጥፋተኛው ሾልኮ ያመልጣል።

ጓደኛዬ ዝም አለ። እኔ ግን ይህን ስናገር አፌን የሚይዘኝ ነገር ነበረ። እንቅልፍ የነሳኝን አሁን ልናገር።

አምና ለዕረፍት አገር ቤት ሰንብቼ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ነው። ከደጀን ወርደን የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ጎሃ ጽዮን እንወጣለን። ሞቃት ነው፤ ግማሹ ሰው አሸልቧል። ከአንድ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ የእህል ጭነት መኪና በጎኑ ተጋድሟል። ጆንያው ገደሉን ይዞ ተበትኗል። ከሞተሩ በኩል ጥቁር ጭስ ይወጣል። አንድ ልጅ፣ ረዳቱ መሆን አለበት፣ በሁለት እጁ አፈር እየዛቀ ይበትናል። ወደ እኛ ዞሮ ጮኸ፤ መስኮቱ ዝግ ስለ ነበረ ምን እንዳለ አልሰማሁም። አፉን ብቻ አየሁት።

አውቶቡሱ ቀዘቀዘ። «እግዚኦ!» አለ ሰው ሁሉ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ኧረ አቁም፣ ነፍስ ነው!» አሉ።

«እማማ፣ መታጠፊያ ላይ ነን፤ ከኋላ መኪና ቢመጣ ሁላችንም ማለቃችን ነው» አለ ሹፌሩ።

«እሱንስ ቢሆን አትሰጣቸውም?» አሉ በጣታቸው እያሳዩ። ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ቀይ የእሳት ማጥፊያ ተሰቅሏል።

«እሱ ባዶ ነው፣ እማማ። ለትራፊክ ነው።»

የሳቀም ነበረ። አውቶቡሱ ማርሽ ቀየረና ዳገቱን ተያያዘው። እኔ በሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ እጄም እግሬም ጤነኛ ነው። «አቁም፣ እወርዳለሁ» ማለት ይቻለኝ ነበር። እናቲቱ ዞር ብለው አዩኝ፤ እኔም መስኮቱን አየሁ። የዚያ ሹፌር ነፍስ ትትረፍ አትትረፍ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ጎሃ ጽዮን ላይ ለምሳ ስንወርድ ማንም አላነሳውም፤ እኔም አላነሳሁም። ደኅና አድርጌ በላሁ።

ያ ፊልም ለምን እንዳላስተኛኝ እንግዲህ ገባችሁ። በፊልሙ ውስጥ ራሴን ፈለግሁ። ፐርሊን አይደለሁም። ዥው እያሉ ከሚያልፉት አንዱ ነኝ። እነሱስ «ወጥቷል ብለን ነው» የሚሉት አላቸው።

ለጥቂት ቀን ነገሩን በጀግንነት ብቻ ለካሁት። ፐርሊ ጀግና፣ እኔ ፈሪ፤ አለቀ። ለፐርሊ የእንግሊዝ መንግሥት የጆርጅ ሜዳልያ ሰጥቶታል፤ ይገባዋል። ግን ሜዳልያው የተሰጠው ላላዳነው ሰው ነው። ጉልበትም ልብም ያለው ሰው፣ የሚችለውን ሁሉ አድርጎ፣ አልቻለም። የኛ ሰው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። ያቺ መኪና ለአንድ ሰው ሸክም ነበረች። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 1 ቀን 1976 በጀርመን አገር፣ ኒኪ ላውዳ በኑርቡርግሪንግ በእሳት ውስጥ ሲቀር አራት ነጂዎች ቆሙ፤ ሜርዛሪዮ፣ ኤድዋርድስ፣ ሉንገር፣ ኤርትል። አራት ሆነው አወጡት። ፊቱና ሳንባው ተቃጥሎ፣ በስድስት ሳምንቱ ተመልሶ ተወዳደረ፤ አራተኛም ወጣ።

ግን አራት ደግ ሰው ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ደግነቱን ሥርዓት ማድረግ ያስፈልጋል። እሽቅድድሙ ይህን የተማረው በሬሳ ቁጥር ነው። በ1978 ሮኒ ፒተርሰን በሞንዛ ከተጋጨ በኋላ ሲሞት፣ በመጀመሪያው ዙር የሐኪም መኪና ከኋላ እየተከተለ እንዲሄድ ተደረገ። በ1994 ኢሞላ ላይ ኤፕሪል 30 ሮላንድ ራትዘንበርገር፣ በማግሥቱ ደግሞ አይርተን ሴና ሞቱ፤ ጎዳናዎቹና መኪናዎቹ እንደገና ተፈተሹ። በ2003 አንገትን የሚይዘው መከላከያ ግዴታ ሆነ። በ2014 ዡል ቢያንኪ በጃፓን አገር ሌላ መኪና ለማንሳት ከገባ ማሽን ጋር ተጋጭቶ በተከታዩ ዓመት ሞተ። በ2018 ሃሎ የተባለው፣ ከነጂው ራስ በላይ የሚዞር የታይታንየም ቀለበት መጣ። መልኩን አበላሸ ብለው የተቃወሙት ብዙ ነበሩ፤ ፈረንሳዊው ሮማን ግሮዣን ከነዚሁ አንዱ ነው።

በ2020፣ ኖቬምበር 29 ቀን፣ ይኸው ግሮዣን ባሕሬን ላይ በመጀመሪያው ዙር የብረት አጥሩን መታ። መኪናው ለሁለት ተከፈለች፤ ግማሿ አጥሩን በስታ ገባች፤ እሳት ሆነች። ቀለበቱ ራሱን አተረፈለት፤ ልብሱ እሳቱን ያዘለት፤ የሐኪሙ መኪና ከኋላው ስለ ነበረ ወዲያው ደረሰ። ሰላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ከእሳቱ ወጣ፤ እጆቹ ተቃጥለው ነበር። ኋላም ስለ ቀለበቱ ተሳስቼ ነበር ብሎ በአደባባይ አመነ።

ሁለቱን ፊልሞች አከታትዬ አየኋቸው። በመጀመሪያው ጀግና አለ፤ ሰውየው ሞተ። በሁለተኛው ሐኪሙ ሥራውን ሠራ፣ ቀለበቱም ሥራውን ሠራ፤ ሰውየው ወደ ልጆቹ ተመለሰ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በሰፈር ሁሉ ጀግና የሚያስፈልግ ከሆነ፣ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

ግን ይኸ ሐሳብ እኔን ነፃ አያወጣኝም። ፐርሊ ልብስ እስኪመጣ፣ ባንዲራ እስኪቀየር አልጠበቀም። ሥርዓት የለም ብሎ መቀመጥ ይቻላል፤ ያቺ ባዶ ማጥፊያ ለሹፌሩ ምክንያት እንደ ሆነችው ለኔም ሆናኝ ነበር። እናቲቱ ግን ምንም አልያዙም፤ «አቁም» አሉ።

ፐርሊ በ1977 ሌላ እጅግ ከባድ አደጋ ደርሶበት ተረፈ፤ በ1985 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ስለ ዛንድቮርት ሲያስብ ምን ይሰማው እንደ ነበር መገመት እችላለሁ ብዬ አልዋሽም። እሱ ሞክሮ ያልቻለ ነው፤ እኔ ያልሞከርኩ ነኝ።

ባለፈው ወር ደግሞ አገር ቤት ሄድኩ። አውቶቡስ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ቀዩን ነው። ቀስቷ ከአረንጓዴው ወርዳ ቀዩ ላይ ተኝታለች። ረዳቱን ጠርቼ «ይኼ ባዶ ነው» አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ምነው ወንድሜ፣ ትራፊክ ነህ እንዴ?» አለኝ።

«አይደለሁም። ተሳፋሪ ነኝ» አልኩት።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጆሮዬ ጋለ። ቢሆንም አልተቀመጥኩም።