ሕፃናትና ቋጥኝ በፎንቴንብሎ ደን

ከፓሪስ በስተደቡብ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የፎንቴንብሎ ደን በጥንቱ ዘመን የፈረንሳይ ነገሥታት የአደን ሥፍራ ነበር። በዛሬው ጊዜ ግን በዕረፍት ቀናት ደኑን የሚሞሉት ልጆቻቸውን ያስከተሉ እናቶችና አባቶች ናቸው። ስንቃቸውን በከረጢት ይዘው፣ የሚታጠፍ ወፍራም ፍራሽ በጀርባቸው አዝለው ይመጣሉ። የሚመጡትም ልጆቻቸውን ቋጥኝ መውጣት ለማስተማር ነው።

በዚህ ደን ውስጥ በዛፎች መካከል በሺህ የሚቆጠሩ ቋጥኞች በነጭ አሸዋ ላይ ተበትነው ይታያሉ። አንዳንዱ ከበርጩማ አይበልጥም፤ ሌላው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ያህላል። ዝሆን የሚመስል አለ፤ የውሻ ራስ የሚመስልም አለ። አሸዋው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሥፍራው የነበረ ባሕር የተወው ነው። ከዚያ አሸዋ የጠጠረው ድንጋይ ለረጅም ዘመን እየተፈለጠ ለፓሪስ መንገዶች ንጣፍ ሲያገለግል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1907 ፈለጣው ተከለከለ። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1861 በሠዓሊዎች ውትወታ ከ1,000 ሄክታር በላይ የሚሆነው የደኑ ክፍል እንዳይነካ ተደርጓል።

በቀለም የተለየ መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1947 ገደማ ጀምሮ በቋጥኞቹ ላይ በቀለም ትናንሽ ቀስቶችና ቁጥሮች መጻፍ ተለመደ። ወጪው ቁጥር 1ን ወጥቶ ይወርዳል፤ ቀስቱን ተከትሎ ወደ ቁጥር 2 ይሄዳል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ቢጫው ለጀማሪ፣ ብርቱካናማው ትንሽ ለለመደ፣ ሰማያዊው ለበረታ፣ ቀዩና ጥቁሩ ለባለሙያ ነው። ለሕፃናት የተዘጋጀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በነጭ ቀለም ይጻፋል። ቋጥኙ ዝቅ ያለ፣ መያዣውም ለትንሽ እጅ የሚመች ነው። ገመድ አያስፈልግም። ከሥር አሸዋ አለ፤ በአሸዋው ላይ ፍራሹ ይነጠፋል።

ወደ ደኑ አብራኝ የሄደችው በፓሪስ ዳርቻ የምትኖር የአገራችን ልጅ ናት። የ7 ዓመት ወንድና የ4 ዓመት ሴት ልጆች አሏት። በሳምንት አምስት ቀን ትሠራለች፤ የምትኖረውም በአምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጁ የክፍል ጓደኞቹ ስለ ደኑ ሲያወሩ ሰምቶ “ውሰጅኝ” እያለ ወራት ቢጨቀጭቃትም እሺ ሳትለው ቆይታለች። ምክንያቷን ስጠይቃት፣

“ቢሰበርብኝስ? እናቴ አጠገቤ የለች፣ ልጅ የሚይዝልኝ ጎረቤት የለኝ። ሁለት ሳምንት ከሥራ ብቀር የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል?” አለችኝ።

ይህን ጥያቄ የማታውቅ ሠራተኛ እናት የለችም።

ልጁ የእናቱን ትከሻ በሚያህል ቋጥኝ ላይ እንደ ወጣ እናቲቱ “ውረድ! ልትወድቅ ነው!” ብላ ጮኸች። ልጁ ደንግጦ ወደ እርሷ ሲዞር የረገጠበት እግሩ ተንቀጠቀጠ። በአቅራቢያው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የነበሩ ጠጉራቸው የሸበተ ሴት ይህን አይተው ተጠጉን። “ልጄ፣ አትጥሪው። ስትጠሪው አንቺን ያያል፤ አንቺን ሲያይ እግሩን ይረሳል” አሏት። ከዚያም ከልጁ ጀርባ አቆሟትና እጆቿን ከፍ አድርጋ፣ አውራ ጣቷን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ገጥማ፣ ሳትነካው እንድትጠብቅ አሳይዋት። ልጅ ቢወድቅ እንደ ኳስ አይቀለብም። ወገቡንና ጀርባውን ደግፎ በእግሩ ወደ ፍራሹ እንዲያርፍ፣ ራሱም ድንጋይ እንዳይመታ ማድረግ ነው የጠባቂ ሥራ።

መውረጃውን አስቀድሞ ማየት

ሴትዮዋ ለልጁ የሰጡት የመጀመሪያ ትምህርት መውረድ ነበር። “ከመውጣትህ በፊት ዙረህ መውረጃውን አሳየኝ” አሉት። ልጁ ቋጥኙን ዞሮ በስተኋላው ተዳፋት የሆነውን ጎን አገኘ። ከዚያ በኋላ በወጣበት ሁሉ አስቀድሞ መዞር ጨዋታ ሆነለት።

ትንሿ ልጅ ደግሞ “እኔንም፣ እኔንም” ብላ አለቀሰች። እናቷ አንሥታ ልታስቀምጣት ስትል ሴትዮዋ ከለከሏት። ሕፃን ራሱ ባልደረሰበት ከፍታ ላይ ከተቀመጠ እንዴት እንደ ደረሰ ስለማያውቅ መውረድም አይችልም። በእግሩ ረግጦ፣ በእጁ ይዞ የወጣ ሕፃን ግን የመጣበትን መንገድ ያስታውሳል፤ ያቃተውም ጊዜ ራሱ ያቆማል። ስለዚህ ሚጣ በርጩማ በሚያህል ድንጋይ ላይ ሦስት እርምጃ ወጣች፣ ሦስት እርምጃ ወረደች። ደስታዋም ከወንድሟ ያነሰ አልነበረም።

በምሳ ሰዓት እናቲቱ እንዲህ አለችኝ፦ “ክረምት አያቴ አገር ስሄድ እንደ ወንዶቹ ዋርካ ላይ እወጣ ነበር። ማንም አልጮኸብኝም። ልጄ ግን ከሶፋ ሲዘል እንኳ እጮሃለሁ።” ፍርሃቱ በአንድ ቀን አልለቀቃትም። ከሰዓት በኋላ ግን ልጁ ሲወጣ ድምፅ ሳታሰማ ከጀርባው ቆማ አየኋት።

ከዚህ ደን ቋጥኞች የተነሡ ሴቶች በዓለም ስማቸው ተጠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1960 የተወለደችው ካትሪን ዴስቲቬል በልጅነቷ መውጣት የለመደችው በፎንቴንብሎ ነው። በ1992 በስዊትዘርላንድ የሚገኘውን የአይገር ተራራ ሰሜናዊ ገደል በክረምት ብቻዋን ወጥታለች። እርግጥ ነው፣ ልጆቻችን ሁሉ እንደ እርሷ እንዲሆኑ አንጠብቅም።

እናቶች ሊያውቁት የሚገባ

በደኑ የታዘብነውን ባጭሩ እናስቀምጥ፦

ዝናብ የነካው የአሸዋ ድንጋይ ጥንካሬው ስለሚቀንስ መያዣው ይሰበራል፤ ደርቆ እስኪያልቅ አይወጣበትም። የልጁ ጫማ ልኩ የሆነ ተራ ሸራ ጫማ ቢሆን በቂ ነው፤ ነገር ግን አሸዋው ከሥሩ መጠረግ አለበት። ቀለበትና የአንገት ሐብል ይወልቃል። ልጁ ሲወርድ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ እንዲያርፍ ይለማመድ። ከፍራሹ ላይና ከወጪው ሥር ሌላ ሕፃን እንዳይቆም። አንድ ሰዓት ከወጣ በኋላ ይረፍ፤ የደከመ እጅ ይከዳል። ቤት ሲገቡ በብብቱና በጉልበቱ ኋላ መዥገር አለመኖሩ ይታይ። ገመድ ባለበት ከፍ ያለ ገደል ላይ ከሆነ ወገበ ቀጭን ሕፃን በትከሻውም የሚያልፍ መታጠቂያ ያስፈልገዋል፤ ይህም ያለ ሠለጠነ ሰው አይሞከርም።

ይህን የሚያነቡ የአዲስ አበባ እናቶች “ለእኛ ልጆች ፎንቴንብሎ ከየት ይምጣ?” ይሉ ይሆናል። የሕፃን የመጀመሪያ ቋጥኝ ከጉልበት የማይበልጥ፣ የማይነቃነቅ፣ ከሥሩ ሣር ወይም ለስላሳ አፈር ያለው ድንጋይ ነው። ይህም በሰንበት ለሽርሽር በሚኬድበት ሜዳ ሁሉ ይገኛል። የድንጋይ ካባ ግን ለዚህ አይሆንም። በካባ ያለው ድንጋይ የተፈለጠና የላላ ነው፤ በክረምትም ጉድጓዱ ውኃ ይቋጥራል። ልጆች ወደዚያ እንዳይደርሱ አጥብቆ መከልከል ይገባል።

በሚቀጥለው ሽርሽር ልጅዎ ድንጋይ ላይ ሊወጣ ሲል ድንጋዩን በእጅዎ ነቅነቅ አድርገው ይፈትሹ፤ “መውረጃው የት ነው?” ብለው ይጠይቁት፤ ከዚያም ከጀርባው ይቁሙ።