ሁለት ደቂቃ በመድኃኒት ቤት መስኮት

የመቐለው ሮማናት አደባባይ ሲመሽ የወጣት ነው። የታክሲ ረዳቱ ይጣራል፣ ጭማቂ ቤቱ ይሞላል፣ ከትምህርት የወጡ ልጆች እየተሳሳቁ አደባባዩን ይዞራሉ። እዚያ አካባቢ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ላይ ጥቂት የቆመ ሰው፣ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ዳር ይዛ የምትጠብቅ ልጅ አያጣም። ተራዋ ሲደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ፖስትፒል የተባለውን ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ትጠይቃለች፣ ትከፍላለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ትወጣለች። ሁሉም ነገር ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ሻጩ ምንም አይላትም፤ እሷም ምንም አትጠይቅም።

እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ለእኔ ቢጤ ተማሪ እንዲህ ያለ መስኮት አልነበረም። የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በአገራችን ከተቋቋመ ብዙ ዓመት አልፎት ነበር፤ ነገር ግን የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን በአደባባይ ማስተዋወቅ ይከለክል ስለነበር፣ የነበረውም አገልግሎት አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የሕዝብ ፖሊሲ ሲወጣ፣ መከላከያ የሚጠቀሙት ከመቶ 4 ያህል ብቻ ናቸው ተብሎ ተጻፈ። አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ 7.7 ልጅ ትወልድ ነበር። ፖሊሲው ያንን የማስታወቂያ ክልከላ ማንሳትን ከዕቅዶቹ አንዱ አደረገው። እኔ ያን ጊዜ መቐለ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ፖሊሲ የሚባል ነገር መውጣቱንም አልሰማሁም።

እኛ የምንሰማው ከታላላቅ ልጃገረዶች የሚንሾካሾከውን ነበር። በጨው ውኃ መታጠብ ያድናል ይባላል። ወዲያው ብድግ ብሎ መዝለል፣ መራራ ነገር መጠጣት ይባላል። አንዱም እውነት አልነበረም፤ እውነቱን የሚነግረን ግን ማን ነበር? እናቶቻችን የወር አበባችንን እንኳ ያወቁልን ጨርቅ ፍለጋ ሳጥን ስናገላብጥ አይተው ነው። ከጎኔ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ከፋሲካ ዕረፍት በኋላ አልተመለሰችም። አርግዛ ገጠር ያሉ ዘመዶቿ ዘንድ እንደተላከች ሰማን። የልጁ አባት ከኋላችን ተቀምጦ ዓመቱን ጨረሰ፣ ፈተናውን ወሰደ፣ አለፈ። መምህራኑ ስለ ልጅቷ ምግባር ሲነግሩን ስሙን አንድም ቀን አላነሱም።

ከዚያ የኤች አይ ቪ ዘመን መጣ። በየትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበብ ተቋቋመ፣ «ሕይወት ትረስት» ኮንዶም በየሱቁ ገባ፣ በ1994 ዓ.ም. የጀመረውን «የቀን ቅኝት» የተባለ የሬዲዮ ድራማ ለመስማት ጎረቤት ከጎረቤት ተሰበሰበ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ግንኙነት በግልጽ ተወራ። የተወራው ግን በሞት በኩል ነው። ኮንዶምን ያወቅነው ከቀብር ጋር አያይዘን ነው። «አልፈልግም» ማለት እንደሚቻል፣ «እስቲ እንመካከር» ማለት እንደሚገባ፣ ልጅ መቼ እንደሚወለድ ሁለት ሰዎች ተነጋግረው እንደሚወስኑ ያስተማረን አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሞቱ ቀነሰ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከፍርሃቱ ጋር ግን ትምህርቱም አብሮ ቀዘቀዘ፤ መሠረቱ ፍርሃት ብቻ ነበርና።

በዚያው ዘመን ግን ታላቅ ሥራ ተሠርቷል። እኔም ነርስ ሆኜ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መንደር ለመንደር ገቡ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ክንድ ላይ የሚቀበረውን የሦስት ዓመት መከላከያ ራሳቸው እንዲያስገቡ ሠለጠኑ። እዚሁ ትግራይ ውስጥ የሦስት ወሩን መርፌ የሠለጠኑ የመንደር ሰዎች እየወጉ ከ1,000 በላይ እናቶችን ያካተተ ጥናት ተደርጎ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ወጥቷል፤ ደጃፏ ድረስ የመጣላት ሴት ጤና ተቋም ድረስ ከተጓዘችው ይልቅ መርፌዋን ሳታቋርጥ ቀጥላለች። በ1992 ዓ.ም. ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት ባለትዳር ሴቶች ከመቶ 6 ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 41 ደረሱ። አራትና አምስት ልጅ በተከታታይ ወልዳ የደከመች እናት፣ አረፍ ብላ ስትመለስ ፊቷ ላይ የማየው ለውጥ ከየትኛውም አኃዝ ይበልጥብኝ ነበር።

ያላገባችው ልጅ ስትመጣ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ከካርድ ክፍል ጀምሮ «ባለትዳር ነሽ?» ትባላለች። የአገሪቱ መመሪያ ያገባም ያላገባም አገልግሎቱን ማግኘት እንደሚችል በግልጽ ይናገራል፤ ወረቀቱ ግን ከዓይን አያድንም። ወረፋው ላይ የአክስቷ ጎረቤት ልትኖር ትችላለች። የእህቷን ቀለበት ተውሳ አጥልቃ የመጣች ልጅ አስተናግጃለሁ፤ ጣቷ ላይ ሰፍቶ ይዞርባት ነበር። «ጓለይ (ልጄ)፣ ቀለበቱን አውልቂው፣ አያስፈልግሽም» ስላት አለቀሰች። እንዲህ ለመምጣት የደፈረችው አንዷ ናት። ሌሎቹ የሚሄዱት ወደዚያ ሁለት ደቂቃ ወደማይፈጅ መስኮት ነው።

ፖስትፒል ክፉ መድኃኒት አይደለም፤ ስንቷን ከጭንቅ አውጥቷል። ግን ማንም ያልነገራት ብዙ ነገር አለ። ከግንኙነት በኋላ እስከ 72 ሰዓት ይወሰዳል፤ በፈጠነ ቁጥር የበለጠ ይሠራል፣ በዘገየ ቁጥር ይደክማል። አስቀድሞ የተፀነሰን አያስወርድም። ከአባላዘር በሽታና ከኤች አይ ቪ አይከላከልም፤ ያንን የሚያደርገው ኮንዶም ነው። በየጊዜው የምትወስደው ከሆነ ደግሞ ከክኒኑም፣ ከመርፌውም፣ ክንድ ላይ ከሚቀበረውም ያነሰ ዋስትና ነው የሚሰጣት። «ማሕፀን ያደርቃል» የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አልሞተም፤ እውነቱ፣ የክንዱ ሲወጣ መውለድ ቶሎ ይመለሳል፣ ከመርፌው በኋላ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ግን ይመለሳል። ይህን ሁሉ ለመናገር የፈጀብኝ አንድ አንቀጽ ነው። ይህን ያህል ሳይነገራት ዩኒቨርሲቲ የምትገባ ልጅ ስንት ናት?

ከዚያም የትግራይ ጦርነት መጣ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከታኅሣሥ እስከ የካቲት 2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ከጎበኟቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ ገደማ ተዘርፈው አገኟቸው፤ እንደ ወትሮው ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። የተደፈሩ ሴቶች መቐለ ወዳለው ዓይደር ሆስፒታል የደረሱት፣ ብዙዎቹ 72 ሰዓቱ ካለፈ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ነው። ያልደረሱትም አሉ። እርግዝና እንዳይፈጠር የሚሰጠውም፣ ኤች አይ ቪ እንዳይይዝ የሚሰጠውም መድኃኒት ሰዓት ይቆጥራል፤ መንገድ ሲዘጋ ሰዓቱ አይቆምም። ትምህርት ቤቶች ከኮሮና ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል ተዘግተው ሲቆዩ ደግሞ፣ ክፍል መግባት የነበረባቸው ልጆች እጣቸው ትዳር ሆነ። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የተደፈረች ሴት ፅንሱን እንድታቋርጥ ይፈቅዳል፤ ይህን መብቷን የምታውቅ ስንት ነበረች? «ራስሽን ጠብቂ» የሚለው ያደግንበት ምክር፣ የመጠበቅ ዕድል ላልተሰጣት ልጅ ምንም የሚላት የለውም። ከዚህ ሁሉ በኋላም «ለምን ወጣሽ?» ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ ይህ ነው የሚያመኝ።

እኔ ያደግሁበት ዘመን መድኃኒትም እውቀትም እምብዛም አልነበረውም፤ አጥቶ ነው ዝም ያለ። ዛሬ መድኃኒቱም እውቀቱም በእጃችን ነው። ዝምታችን ከእናቶቻችን ዝምታ የሚከብደው ለዚህ ነው። ሴት ልጃችን ራሷን እንድትጠብቅ እናሳስባለን፤ ወንዱ ልጃችን ምን አለበት ብለን እንተወዋለን፣ ከኋላዬ ተቀምጦ ዓመቱን እንደጨረሰው ልጅ።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው። እናት ከሴት ልጇ ጋር፣ አባትም ከወንድ ልጁ ጋር ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስት ሲሞላቸው ቁጭ ብለው ይናገሩ፤ ነገሩ ከመድረሱ በፊት። ነርሷ በር ዘግታ ትስማ፣ ስለ ባል ሳይሆን ስለ ጤና ትጠይቅ። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ፖስትፒሉን ሲሰጥ ሰዓቱን፣ ኮንዶሙንና መደበኛውን የመከላከያ ዘዴ አያይዞ ይንገር። ለዚህ አዲስ ሕግም ሆነ በጀት አያስፈልግም፤ ለልጆቻችን እናዝናለን የምንል ሰዎች ሐፍረታችንን ለአንድ ሰዓት ብናስቀምጠው ይበቃል።